ከናኩሩ ሼፊልድ፣ 54 ጥያቄ በአንድ ፖስታ

ቅዳሜ፣ ማርች 1 ቀን 2025

ሞያሌ ያደገ ሰው «ውጭ አገር ሄጄ አላውቅም» ሲል ውሸት ይመስላል። ልጅ ሆኜ አንዳንድ ቀን ሁለቴ ውጭ አገር እሄድ ነበር። ቤታችን በኬንያ በኩል ነው። በርበሬ ወይ ጤፍ ሲያልቅ እናቴ ብር አስጨብጣ ወደ ኢትዮጵያ ትልከኛለች። ኬላው ላይ ያለው ፖሊስ በስሜ ነበር የሚጠራኝ። ያንን ውጭ አገር ብሎ የቆጠረው ሰው የለም፤ እኔም ፓስፖርት የሚባል ነገር አላውቅም።

አባቴ ቡርጂ ነው፣ እናቴ የጎጃሜ ልጅ ናት። አማርኛውን ከአፏ፣ ፊደሉን ከጸሎት መጽሐፏ ነው የለቀምኩት። አሁን በኬንያዋ ናኩሩ ከተማ ዳር ባለ አንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ክፍሌ 6ኛ ነው፣ ልጆቼ 54 ናቸው። ትምህርት ቤታችን እንግሊዝ አገር ካሉ ሁለት ትምህርት ቤቶች ጋር ከተጣመረ ስድስት ዓመት ሆኖታል። እስካሁን የሚመጡት እነሱ ነበሩ። እኛ እንዘፍናለን፣ እነሱ ፎቶ ያነሳሉ፣ ሻይ ይጠጣል፣ ይሄዳሉ። ዘንድሮ «አሁን ተራው የእናንተ ነው» አሉን።

ተራ ማለት ግን ወረቀት ማለት ነው። የባንክ መግለጫ፣ የደመወዝ ማስረጃ፣ የግብዣ ደብዳቤ፣ የጣት አሻራ። ቪዛው ብቻ 115 ፓውንድ ነበር። ጋባዦቻችን ባይከፍሉልን ኖሮ ነገሩ እዚያው ላይ ያልቅ ነበር።

አብረውኝ የሚሄዱት ርዕሰ መምህራችን ናቸው። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል፤ እሳቸውም እንደኔ አውሮፕላን ሲሳፈሩ የመጀመሪያቸው ነው። ናይሮቢ ኤርፖርት ሻንጣቸው ከልኩ በላይ መዘነ። ተከፈተ። የኬሪቾ ሻይ፣ አምስት ኪዮንዶ፣ አራት ኪሎ የበቆሎ ዱቄት። ኪዮንዶ እንኳን ያባት ነው፣ ሴቶቻችን ከቃጫ የሚሠሩት የትከሻ ቅርጫት። «ዱቄቱስ?» አልኳቸው። «ሰው አገር ምን እንደሚበላ ማን ያውቃል» አሉኝ። ሁለቱ ኪሎ ወደ እኔ ቦርሳ ተዛወረ።

እኔ የያዝኩት አንድ ፖስታ ነው። ባለፈው ሳምንት ለልጆቼ ቁራጭ ወረቀት አድዬ፣ እያንዳንዳችሁ ለአንድ እንግሊዛዊ ልጅ አንድ ጥያቄ ጻፉ ብዬ ነበር። ፖስታውን የከፈትኩት አየር ላይ ነው። «በረዶ ይበላል?» «አርሰናል ነህ ማንቼ?» «ቤታችሁ ስንት ላም አለ?» «መምህራችሁ ይገርፋሉ?» አንዷ ደግሞ «እናትሽ ስትታመም ማን ያበስላል?» ብላለች። ይቺን ልጅ አውቃታለሁ። ወረቀቷን እንደነበረ አጥፌ መለስኩት።

ቦሌ የደረስነው መሽቶ ነው። ከሞያሌ ናይሮቢም አዲስ አበባም 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እኔ ወደ ደቡቡ ሄድኩና ሸገርን ሳላያት ቀረሁ። ዛሬም ያየኋት በመስታወት ነው፣ መብራቷን ብቻ። ዐቢይ ጾም ከገባ ስድስተኛ ቀኑ ስለሆነ ካፌው ላይ «የጾም ምን አለ?» ብዬ ጠየቅኩ። አስተናጋጇ ደረቷ ላይ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ጥብጣብ ሰክታለች፤ ነገ ዓድዋ ነው። «አነጋገርሽ የድንበር ነው» ብላ ሳቀችብኝ። ርዕሰ መምህራችን ግራ ተጋብተው አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያሉ። «አንቺ እዚህ አገርሽ ነው እንዴ?» አሉኝ በስዋሂሊ። ምን ልበላቸው?

እሑድ፣ ማርች 2

ለንደን፣ ሂትሮ ኤርፖርት ስንደርስ ገና እየነጋ ነው። ፓስፖርት የሚያየው ልጅ «ስንት ቀን ትቆያላችሁ?» ብቻ ነበር ጥያቄው። ርዕሰ መምህራችን ግን የግብዣ ደብዳቤውን ከነማኅተሙ ዘርግተው፣ የትምህርት ቤቱን ታሪክ ከ1974 ጀምሮ ሊነግሩት ሲሉ አለፍን።

ከዚያ በምድር ውስጥ ባቡር ኪንግስ ክሮስ፣ ከጎኑ ካለው ሴንት ፓንክራስ ደግሞ ወደ ሼፊልድ፣ ሁለት ሰዓት ምናምን። ርዕሰ መምህራችን ከመስኮቱ ዓይናቸውን አልነቀሉም። ከአንድ ሰዓት ዝምታ በኋላ «ማሳው አለ፣ በጉ አለ። እረኛው የታለ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። በግ በየሜዳው ፈሷል፣ ሰው ግን አንድም የለም። አጥሩ ነው የሚጠብቀው። «እረኛ የሌለው በግ አይቼ አላውቅም» አሉና ማስታወሻቸው ላይ ጻፉት።

ሼፊልድ ሽቅብና ቁልቁል የሆነች ከተማ ናት። ያሳረፉን ባልና ሚስት ጡረታ የወጡ መምህራን ናቸው፤ ቤታቸው ዳገት ጫፍ ላይ ነው። እራት ላይ ቢላዋ ሳነሳ ስለቱ ላይ «ሼፊልድ» የሚል ጽሑፍ አየሁ። ልጅ ሆኜ የአባቴ ሥጋ መቁረጫ ላይም ይኸው ቃል ነበረ። የሠሪው ሰውዬ ስም ይመስለኝ ነበር። ለካ ከተማዋ የቢላዋና የብረት አገር ናት። ሃሪ ብሬርሊ የተባለ የዚሁ ከተማ ሰው የማይዝግ ብረት የሠራውም እዚሁ በ1913 ነው።

ዝናቡን በተመለከተ፦ ሁሉም ሰው ጃንጥላ ያዙ ብሎን ነበር። እስካሁን አንድ ጠብታ ጠብ አላለም።

ሰኞ፣ ማርች 3

የመጀመሪያው ትምህርት ቤት። መንገዱ ላይ አንዲት ቢጫ ካፖርት የለበሱ እናት ክብ ምልክት ያለው ረጅም እንጨት ይዘው መኪና አስቁመው ልጆቹን ያሻግራሉ። ናኩሩ ውስጥ ይህን ብታደርግ ቦዳቦዳ፣ የሞተር ታክሲው፣ በጎንህ ሹልክ ይላል።

በር ላይ ተመዘገብን፣ ፎቶ ተነሳን፣ አንገታችን ላይ ቀይ ገመድ ያለው ባጅ ተንጠለጠለ። ቀይ ማለት «ይህ እንግዳ ብቻውን አይንቀሳቀስ» ነው። ሽንት ቤት ስሄድ እንኳን አንዷ መምህርት በር ድረስ ሸኘችኝ። ልጆችን ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ከነከነኝ። የኛን ልጆች ስድስት ዓመት ሙሉ ሲያነሱ ማንም ማንንም አላስፈቀደም። እኛም አልጠየቅንም።

ኮሪደሩ ላይ «ኬንያ» የሚል ትልቅ ሰሌዳ አለ። አንበሳ፣ ቀጭኔ፣ የሚዘል ማሳይ፣ የሣር ጎጆ፣ መሐል ላይ የኛ ልጆች ሲዘፍኑ። ናኩሩ በ2021 ከተማነቷ የታወጀላት፣ ፎቅና የመኪና ጭንቅንቅ ያላት ቦታ ናት። በሰሌዳው ላይ አንድም ሕንፃ የለም። ጥፋቱን ሁሉ ግን በእነሱ አላላክክም። እንግዳ በመጣ ቁጥር ጭፈራ የምናሰልፈው እኛው ነን። የሒሳብ ክፍሌን ያሳየኋቸው ቀን የለም።

መግቢያው ጋ አንድ ቅርጫት ተቀምጧል። ፓስታ፣ የቆርቆሮ ባቄላ፣ የሕፃን ዳይፐር። «ይህ ለኛ የሚላክ ነው?» ብዬ ርዕሰ መምህርቷን ጠየቅኳት። ፊቷ ቀላ። «አይደለም» አለች፣ «ለወላጆቻችን ነው። የቸገረው ከልጁ ጋር ሲወጣ ያነሳል።» ጧት ቁርስ ሳይበሉ የሚመጡ ልጆችም አሏት፤ ለእነሱ ከደወሉ በፊት ገንፎና ቶስት ይዘጋጃል። መንግሥት ከኤፕሪል ጀምሮ በ750 ትምህርት ቤቶች ነፃ ቁርስ ሊሞክር ነው ብላ ነገረችን። እኛ ጋ ወላጅ በቆሎና ባቄላ ያዋጣል፣ በትልቅ ድስት ጊቴሪ የሚባል ንፍሮ ይቀቀላል፣ ያላዋጣውም ልጅ ተደብቆ ይበላል። ስለ ድስት ነገርኳት፣ ስለ ቶስት ነገረችኝ። ከሰዓት በፊት ሁለታችንም ስለ ጥምረቱ አንድ ቃል አልተነፈስንም።

አንድ ነገር ርዕሰ መምህራችንን አንቀሳቀሳቸው። እስከ 7 ዓመት ላሉ ልጆች አንድ ክፍል ከ30 መብለጥ የለበትም። «በሕግ?» አሉ። በሕግ። ሁለት ጊዜ አሰመሩበት።

ከሰዓት በኋላ የልጆቼን ጥያቄ ለ5ኛ ክፍል አነበብኩ። ሁሉም እንደ መምህር «ሚስ» ይሉኛል። አርሰናል ወይስ ማንቼ የሚለው ላይ ክፍሉ ተናወጠ፤ እዚህ አገር ያለው ምርጫ ሌላ ነው፣ ወይ ሼፊልድ ዩናይትድ ወይ «ረቡዕ»። እውነት ነው፣ ሼፊልድ ዌንስዴይ በ1867 የተመሠረተው ረቡዕ ረቡዕ ክሪኬት በሚጫወቱ ሰዎች ነው፣ ስሙም እዚያው ቀረ።

«መምህራችሁ ይገርፋሉ?» ስል ሳቁ። ተረት መሰላቸው። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሕጉ የከለከለው በ1986 ስለሆነ ወላጆቻቸውም በቅጡ አያስታውሱትም። አንድ ልጅ «እናንተ ጋስ?» አለኝ። በ2001 ተከልክሏል አልኩት። እውነት ነው፣ ተከልክሏል። ማስተማር ስጀምር ግን አለንጋው ከጠመኔው አጠገብ ነበር የሚቀመጠው፣ እኔም አንስቼው አውቃለሁ። ጥያቄውን የጻፈው ልጅ ደግሞ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከታሪክ መጽሐፍ ያነበበው ነገር አይደለም። ርዕሰ መምህራችን ጣሪያውን ያዩ ነበር።

ማታ ዱቄቱ ሥራ አገኘ። የባለቤቶቹ ማማሰያ ለኡጋሊ አይሆንም፣ ቀጭን ነው፣ ሊሰበር ነበር። ኡጋሊ ማለት የጠጠረ ገንፎ በሉት፣ መሐሉ ጉድጓድ የለውም፣ ቅቤም የለውም። ከጎመን ጋር ለጾሜ ተስማማኝ። ባልየው በእጁ ጠቅልሎ ሲበላ ሚስትየው በሹካ ሞከረች። ከሦስት ጉርሻ በኋላ ሹካውን አስቀመጠችው።

ማክሰኞ፣ ማርች 4

ዛሬ እዚህ የፓንኬክ ቀን ነው። የእነሱ ጾም ነገ ረቡዕ ስለሚገባ፣ በድሮው ልማድ ቤት ያለ እንቁላልና ወተት ዛሬ ተጠብሶ ያልቃል። እንደኛው ቅበላ ማለት ነው። አሁን ግን ከነገ ጀምሮ የሚጾመው ስንቱ እንደሆነ እንጃ፣ ፓንኬኩን ግን ያልበላ የለም።

አዳራሹ ውስጥ ልጆቹ መጥበሻ ይዘው ይሯሯጣሉ፣ ፓንኬኩን ወደ ላይ እየወረወሩ። ለእኔም በሎሚና በስኳር አመጡልኝ። እንዴት ልበል? የኔ ጾም ከገባ ዘጠነኛ ቀኑ ነው፣ እንቁላልም ወተትም አይነካኝም። አጠገቤ ሒጃብ የለበሰች ለማገዝ የመጣች እናት ሊጥ እያፈሰሰች ትጠብሳለች፤ እሷም አትቀምስም፣ ረመዳን ነው። ስልኬ ጮኸና ለናኩሩ በስዋሂሊ መለስኩ። ዘወር አለች። «ኡናቶካ ዋፒ?» ከየት ነሽ?

የጋሪሳ ልጅ ናት። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው እዚህ። ማርሳቢት አክስት አላት፣ ሞያሌ መንገዱ አስፋልት ከመሆኑ በፊት በጭነት መኪና ላይ ሁለት ቀን እንደተጓዘች ነገረችኝ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ፓንኬክ ሲበላ እኛ ሁለታችን ብቻ በባዶ ሆድ ቆመን በስዋሂሊ ስለ ግመል ወተት አወራን። ርዕሰ መምህራችን ጴንጤ ናቸው። አራት በሉ።

ረቡዕ፣ ማርች 5

ዛሬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። 4ኛ ክፍል፣ ስምንትና ዘጠኝ ዓመት የሆናቸው ልጆች፣ ርዕሱ ሰዓት። ኬንያ ውስጥ ቢሮው ሁሉ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚሠራው፣ በስዋሂሊ አፋችንን ስንከፍት ግን ልክ እንደ አማርኛ ነው፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያለው የመጀመሪያው ሰዓት አንድ ሰዓት ነው።

«ትምህርት የሚጀመረው ስንት ሰዓት ነው?» አልኳቸው። ዘጠኝ አሉ። «እኔ ጋ ሦስት ነው» ብዬ ሰሌዳው ላይ ሣልኩት። ዝም። ከዚያ አንዱ «ስድስት ቀንሱ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ በኋላ ማን ይይዛቸዋል። የምሳ ሰዓት፣ የመኝታ ሰዓት፣ የሚወዱት የቲቪ ፕሮግራም፣ ሁሉም በሞያሌ ሰዓት ተተረጎመ። አንዱ «የናንተ ይሻላል» አለ። «የኛ ቀን የሚጀምረው ሁሉም ሰው ተኝቶ እያለ ነው።» ኮራሁ።

የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ እጇን አወጣች። «ሚስ፣ ዲሴምበር ላይስ?»

አልገባኝም። መምህሯ ስልኳን አየች። ዲሴምበር ላይ ሼፊልድ ፀሐይ የምትወጣው እኛ ሁለት ሰዓት ከሩብ በምንለው ገደማ ነው፣ ጁን ላይ ደግሞ አሥር ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ፣ ሌሊት። አንድ ሰዓት ሲሆን አንዴ ድቅድቅ ጨለማ፣ አንዴ ፀሐይ ከወጣች ቆይታለች። ሰዓቴ እዚህ አገር አይሠራም። ናኩሩ ከምድር ወገብ ሥር ያለች ስለሆነች የፀሐይ መውጫ ዓመቱን ሙሉ ከግማሽ ሰዓት ብዙ አይዛነፍም። ይህን ጂኦግራፊ ላይ ተምሬዋለሁ። ከምቆጥርበት ሰዓት ጋር አገናኝቼው ግን አላውቅም። አሥራ ስድስት ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው፣ ጥርስ የሌላት ልጅ አስቆመችኝ።

«እናንተ ጋ ፀሐይ ሰዓት ታከብራለች ማለት ነው» አለች።

ከመምህሯ ጋር እዚያው ተስማማን። በየወሩ 10ኛው ቀን ላይ ሁለቱም ክፍሎች ፀሐይ የወጣችበትን ደቂቃ መዝግበው ይላላካሉ። ለመጪው ሰኞ አስቀድመን ብናይ ገረመን፤ ናኩሩ 12 ሰዓት ከ42፣ ሼፊልድ 12 ሰዓት ከ33። ሳምንቱ ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑበት ወቅት ላይ ስለወደቀ ነው። ልጆቹ ተናደዱ። ልዩነት ነበር የፈለጉት። ቆዩ አልኳቸው።

ሐሙስ፣ ማርች 6

የመጽሐፍ ቀን። ልጆቹ በሙሉ የመጽሐፍ ገጸ ባሕርይ ለብሰው መጡ። ስድስት ጠንቋይ፣ አራት ነብር፣ አንድ ካሮት። ርዕሰ መምህርቷ ራሷ የባሕር ወንበዴ ሆና ስለ በጀት አወራችን፣ በአንድ ዓይኗ። ለእያንዳንዱ ልጅ የአንድ ፓውንድ የመጽሐፍ ኩፖን ይታደላል። እኔ ካንጋዬን አሸርጬ ነበር፤ «አንቺ ከየትኛው መጽሐፍ ነሽ?» ብለው አስጨነቁኝ።

የ54ቱ ጥያቄዎች መልስ ዛሬ ደረሰኝ፣ ያንኑ ፖስታ ሞልቶ። ማታ አልጋ ላይ ዘረገፍኩት። በረዶ ይበላል፣ ግን ቢጫውን አትብላ ይላል አንዱ። «እናትሽ ስትታመም ማን ያበስላል?» የሚለው ጀርባ ላይ በእርሳስ፣ ስም ሳይጻፍበት፣ «እኔ። ቶስትና ባቄላ» ይላል።

ዓርብ፣ ማርች 7

ሁለተኛው ትምህርት ቤት ገጠር ነው። በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል፣ ሆፕ ቫሊ በሚባለው ሸለቆ። አካባቢው ፒክ ዲስትሪክት ይባላል፣ በ1951 የአገሪቱ የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል። ፓርክ ሲሉኝ እንደ ናኩሩው አጥርና ጎሽ ጠብቄ ነበር። ይሄኛው ውስጥ ሰው ይኖራል፣ ያርሳል፣ ያረባል።

የድንጋይ ግንቡ ነው ልቤን የወሰደው። ኮረብታውን ሁሉ እንደ መረብ ሸፍኖታል፣ ሲሚንቶም ጭቃም የለውም፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ። የአባቴ ዘመዶች ጎረቤት ኮንሶዎች ናቸው፤ እርከናቸውን ያየ ሰው ይህን ሲያይ እጁ ይበላዋል። አንድ ሽማግሌ የፈረሰ ጥግ ሲጠግኑ ቆሜ አየኋቸው። ድንጋዩን አንዴ ካነሱት መልሰው አያስቀምጡትም፣ ቦታ እስኪያገኙለት ያገላብጡታል። አባቴም እንደዚሁ ነበር የሚያደርገው።

ትምህርት ቤቱ ጠቅላላ 47 ልጅ አለው። ከኔ አንድ ክፍል ያንሳል። ሁለትና ሦስት ክፍል አንድ ላይ ነው የሚማረው፤ ርዕሰ መምህርቷ ግማሹን ሳምንት ታስተምራለች። ስጋቷ መዘጋት ነው። የቤት ዋጋ ሰማይ ነክቷል፣ ልጅ ያላቸው ወጣቶች እዚህ መኖር አልቻሉም፣ ቤቱን የሚገዛው ለእረፍት የሚመጣ ሰው ነው። ርዕሰ መምህራችን በጣም አዘኑ። «ሃያ ልጅ ልላክልሽ?» አሏት፣ ከምራቸው የሚመስል ቀልድ።

ላም የጠየቀው ልጄ መልስ አገኘ። አንድ ቦት ጫማ ያደረገ ልጅ «140» አለኝ። ማርሳቢት ውስጥ 140 ላም ያለው ሰው ሲያልፍ ይነሱለታል። «ስማቸውን ታውቃለህ?» አልኩት። «ጆሯቸው ላይ ቁጥር አለ» አለ። ትንሽ አሰበና «አንዷ ግን ስም አላት» ብሎ ጨመረ። ስሟን አልነግርሽም አለኝ።

ቅዳሜ፣ ማርች 8

ለንደን፣ ኤርፖርት፣ ሌሊት በረራ። የርዕሰ መምህራችን ሻንጣ ሲመጣ ከነበረው ከበደ። ውስጡ ምን እንዳለ አልጠየቅኩም፤ አንድ የሼፊልድ ቢላዋ ግን እንዳለበት አውቃለሁ፣ የኔም አለ።

ሰኞ፣ ማርች 10፣ ናኩሩ

ጧት 12 ሰዓት ከሩብ ላይ 31 ልጆች ግቢው ውስጥ ነበሩ። ሌሎቹ እንቅልፍ ጣላቸው። ሁሉም ወደ ምሥራቅ ዞሯል። በቦርሳዬ የያዝኩትን ፖስታ ማንም አልጠየቀኝም፣ ስለ ሰዓቱ አስቀድሜ በስልክ ነግሬያቸው ነበርና።

12 ሰዓት ከ42 ሆነ። ፀሐይ የለችም። ስልኩ ወጥታለች ይላል፣ እኛ ያለነው ኮረብታ ሥር ነው። ሰማዩ ቀልቷል፣ እሷ ግን የለችም። 12 ሰዓት ከ51 ላይ ከባሕር ዛፎቹ ጀርባ ብልጭ አለች።

ጠብ ተነሳ። ግማሹ 42 ብለን እንጻፍ ይላል፣ ስልኩ አይሳሳትም። ግማሹ በዓይናችን ያየነውን ነው የምንጽፈው ይላል። ያቺ ስለ እናቷ የጠየቀችው ልጅ ከኋላ ሆና «እነሱስ ኮረብታ አላቸው?» አለች።

አላቸው አልኳት።

«እንግዲያው እነሱ የቱን ጻፉ?»

ስልኬን አወጣሁ። ሼፊልድ ገና ሌሊት ነው።